ባለማዕረግ በመጨረሻ ይበራል

ኔቪል ስክሪቨን በሳምንት አምስት ቀን አውቶብስ ሥር ተጋድሞ የሚውል መካኒክ ነው። ሰኞና ሐሙስ ግን ከሥራ ሲመለስ እጁን በሳሙናና በስኳር ፈትጎ ይታጠብና ሰማያዊ ደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለችው ባለቆርቆሮ አዳራሽ ይሄዳል። እዚያ ከአሥራ ሦስት እስከ ሃያ ዓመት የሚሆናቸው ሠላሳ ያህል ልጆች ይጠብቁታል። ማንም ሳያስገድዳቸው መጥተው ይሰለፋሉ፣ ጫማ ይወለውላሉ፣ ክንፍ ነፋስን እንዴት እንደሚሸከም ይማራሉ። የስካርንቢ ከተማ የአየር ካዴቶች ማለት እነዚህ ናቸው። ኔቪል ደሞዝ የለውም። ያለው ክንዱ ላይ የተሰፋ የባሻነት ምልክትና "ሚስተር ስክሪቨን" የሚል መጠሪያ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ "ኔቭ" ብሎ የሚጮህበት ሁሉ እዚህ ቢመጣ ቀጥ ብሎ መቆም ይኖርበታል።

ሚስቱ ግሌኒስ፣ "የሌላው ሴት ባል መጠጥ ቤት ነው የሚጠፋው፤ የኔው ደግሞ የሰው ልጅ ጫማ ሲመረምር ያመሻል" ትላለች። ትላለች እንጂ ደንብ ልብሱን የምትተኩሰው እሷ ናት።

ኔቪል በዚያ አዳራሽ ብዙ ነገር አላመጣም፤ አንድ ሕግ ግን አምጥቷል። እሱ ራሱ ልጅ ካዴት ሳለ በበጋው የካዴቶች ሰፈር አንድ ሽማግሌ ባሻ ነበሩ። ቋሊማና ባቄላ የሚታደልበት ሰልፍ ላይ ምልክት የሰፋውን ልጅ ሁሉ በጆሮው እየያዙ ወደ ኋላ ይወስዱት ነበር። ባለማዕረግ በመጨረሻ ይበላል። ይህ የጦር ሰፈር ሁሉ ወግ ነው፣ አዲስ ነገር የለበትም። ኔቪል ግን ወጉን ከድስቱ አንስቶ ወደ ሰማይ ሰቀለው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ካዴቶች በዓመት ሁለት ሦስቴ በሚኒባስ ተጭነው አንድ ሰዓት ርቆ ወዳለ የአየር ኃይል ሜዳ ይሄዳሉ። እዚያ ሁለት ሰው በምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን፣ ከአብራሪው ጎን ተቀምጠው፣ ሃያ ሃያ አምስት ደቂቃ ይበራሉ። አንድ ቀን ሁለት ደንዳና ሃምሳ አለቆች የመጀመሪያውን ተራ ያዙ። ከዚያ ደመናው ወረደ፤ ከሩቅ እርሻ የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ ሳትበር እያለቀሰች ተመለሰች። ኔቪል በመመለሻው መንገድ መሪውን እንደ ጠላት አንገት ጨብጦ ነዳ። በሚቀጥለው ሰኞ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ "ባለማዕረግ በመጨረሻ ይበራል።"

ጥሩ ሕግ ነበር። ጣጣውም ይኸው ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ አንዱ ጥሶት ይገላገሉ ነበር።

ብራዮኒ ኮልተር በአሥራ ሦስት ዓመቷ ስትመጣ የአባቷን ካፖርት ለብሳ ነበር፤ እጆቿ አይታዩም። ኔቪል ቅጽ ሲሞላ ለምን መግባት እንደፈለገች ጠየቃት።

"ባሕሩ ቀለሙን የሚለውጥበት ቦታ አለ አይደል? ከጥልቁ ጋ። ከላይ ሲታይ መስመሩ ቀጥ ያለ ይሁን ጠማማ ማየት እፈልጋለሁ።"

"ለባሕር ከሆነ የባሕር ካዴቶች ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ናቸው።"

"እነሱ ከላይ አያዩትም" አለች።

ኔቪል ቅጹ ላይ "ለበረራ ፍላጎት አላት" ብሎ ጻፈ።

የመጀመሪያዋ የበረራ ቀን ጉንፋን ይዟት ነበር። ከመብረር በፊት አፍንጫን ይዞ ጆሮ እስኪከፈት መንፋት ግድ ነው፤ ነፋች፣ ነፋች፣ ዓይኗ ደም መሰለ፤ ጆሮዋ አልከፈት አለ። አብራሪው መለሳት። ሁለተኛው ቀን ጉም ሆኖ ሁሉም ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ብራዮኒ አሥር አለቃ ሆና ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ከመንፈቅ! በዚያ አዳራሽ እንደሷ ቶሎ ምልክት የሰፋ አልነበረም። ሰልፍ ስትመራ ድምጿ ከቆርቆሮው ይነጥራል፤ የክንፉን ትምህርት ከመጽሐፉ በተሻለ ታስረዳለች፤ አዲስ ልጅ ሲያለቅስ እንባውን ሳይሆን ቆቡን ታስተካክልለትና ማልቀሱን ያስረሳዋል። ኔቪል እየተደሰተ ሾማት። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ከሰልፉ ጀርባ ቆመች።

ከዚያ በኋላ እንዲያው ቀጠለ። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ቆይቶም ሻምበል ባሻ ሆነች። ማዕረጉ ወደ ላይ ሲወጣ ተራዋ ወደ ታች ወረደ። ደመናው የሚመጣው ደግሞ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እዚያ አገር ሰማዩ ከጠዋቱ ጋር ቃል ኪዳን ያለው ይመስላል። ብራዮኒ የልጆቹን ፓራሹት ታስራለች፣ የራስ ቁራቸውን ታጠብቃለች፣ "ከላይ ካስመለሰህ ከረጢቱ በግራህ ነው፤ አብራሪው ላይ ግን እንዳትሞክረው" ትላለች። የሜዳው ሰዎች በስሟ ያውቋታል። ሁሉም፣ እንዲህ ሥራውን የምታውቅ ልጅ መቼም ሃያ ጊዜ በርራለች ብለው ያስባሉ። ኔቪልም እንደዚያው ያስብ ነበር፤ ወይም ጨርሶ አላሰበም። ልጅ የማያስቸግር ሲሆን የሚያስብለት ሰው ይጠፋል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ሲሆናት ብራዮኒ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ነርስነት ለመማርም ማመልከቻ አስገባች። የምስክር ደብዳቤ እንዲጽፍላት ኔቪልን ጠየቀችው። ኔቪል የአገልግሎት ደብተሯን ወደ ቤት ወሰደና የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ሰባት ዓመት ሙሉ በየሹመቱ የፈረመበት ደብተር ነው። ሁልጊዜ የሚፈልገውን ገጽ ብቻ ገልጦ ይፈርም ነበር። ያን ቀን ግን ደብዳቤ ነውና ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ። የተኩስ ገጹ ሞልቷል። የእግር ጉዞው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታው፣ የሰልፍ ውድድሩ ሁሉ ሞልቷል። የበረራው ገጽ ደብተሩ ሲታደል እንደነበረው ነጭ ነው።

"ይሄ ደብተር የማን ነው?" አለ።

ግሌኒስ ከምድጃው ጋ ሆና፣ "ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ካልቻልክ መነጽርህ ግንባርህ ላይ ነው" አለች።

ቁጭ ብሎ ቆጠረ። አሥራ አንድ ጊዜ ይዟት ሄዷል። አሥራ አንድ ጊዜ መልሶ አምጥቷታል።

በሐሙሱ ስብሰባ ሁሉም ከተበተነ በኋላ ወንበር ስትደራርብ አገኛት።

"ብራዮኒ፣ በርረሽ አታውቂም እንዴ?"

"ከእናቴ ጋር ስፔን ሄጃለሁ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም።"

"እሱማ አውቶብስ ነው" አለችና ወዲያው፣ "ይቅርታ፣ አውቶብስን ለመስደብ አይደለም፣ ሚስተር ስክሪቨን" ብላ ሳቀች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ወንበሩን በወንበሩ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። "ምን ብዬ? ተራዬ አልደረሰም ነበር።"

ነቀፋ የለበትም አነጋገሯ፤ ኔቪልን የቆረጠውም ይኸው ነው። ካዴት ሃያ ዓመት ሲሞላው ደንብ ልብሱን ይመልሳል። የብራዮኒ ልደት ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት የበረራ ቀኖች ቀርተዋል፤ አንዱ በሰኔ፣ አንዱ በጥቅምት የመጀመሪያ ቅዳሜ። "በሰኔ አንደኛ ትሆኛለሽ" አላት።

"ሕጉስ?"

"ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ሰኔ ዝናብ ሆነና ሚኒባሱ ከደጃፍ አልተነቃነቀም። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይሄ ነው።

የጥቅምቱ ቅዳሜ ዋዜማ ኔቪል የተራውን ዝርዝር ቤቱ ተቀምጦ ጻፈ። ባለአሥር ስም ነው። በአንደኛው መስመር "ሻ/ባ ኮልተር" ብሎ በእስክሪብቶ ጻፈ፤ ሌላውን በእርሳስ። ግሌኒስ በትከሻው ላይ አየች።

"ጎሽ" አለች። "እዚያ ስትደርስ ደግሞ ሰው አይቶህ እንዳትቅለሰለስ።"

"ማን? እኔ?"

"ሰው ሲያመሰግንህ የምትሆነውን እኔ አውቀዋለሁ። የጎረቤቱን አጥር ተክል የከረከምክ ጊዜ፣ ስላመሰገነህ እዚያው ስትውል የራሳችን ሣር ጉልበት ላይ ደርሶ ነበር።"

ጠዋት አሥር ልጆችና ኔቪል ተነሡ። በሦስተኛው ወንበር ሩቢን የሚባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው፣ ቆቡ ገና ቅርጽ አልያዘለትም፣ ጭንቅላቱ ላይ ድፎ ዳቦ የተቀመጠ ይመስላል።

"መጀመሪያ ማን ነው የሚበረው?" ብሎ ጠየቀ።

ሚኒባሱ ሙሉ በአንድ ድምፅ፣ "ባለማዕረግ በመጨረሻ!" ብሎ መለሰለት። ኔቪል በመስተዋቱ ብራዮኒን አየ። እሷም ከልጆቹ ጋር እያለች ነበር። ከጎኗ አሥር አለቃ ጄትሮ ፒክ፣ ረጅሙ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ "አንተ ትንሹ፣ ዛሬ እንደ ንጉሥ ነህ። እኔና ሻምበል ባሻ ያንተ አሽከሮች ነን፤ ሻይ በስንት ስኳር?" እያለ ያሾፋል። ኔቪል ያኔ መናገር ይችል ነበር። "ዛሬ አንድ ለውጥ አለ" ማለት ብቻ ነው። ሜዳው ስንደርስ እላለሁ ብሎ ተወው።

ሜዳው ጉም ለብሶ ጠበቃቸው። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ የመስኮቱን መስታወት እያዩ ተቀመጡ። ከዚያ ጉሙ ሲነሣ አብራሪዋ ገባች፤ ጸጉሯ የሸበተ፣ ቀልድ የማታበዛ ሴት ናት።

"ዛሬ ያለችው አንዲት አውሮፕላን ናት፤ ሌላይቱ ጥገና ላይ ነች። ከምዕራብ ዝናብ እየመጣ ነው። ስምንት ሰዓት ግድም ይደርሳል። ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ሰው አበራለሁ። ተራችሁን ጻፉልኝ።"

ሰሌዳውን የሚጽፈው ሁልጊዜ ሻምበል ባሻዋ ናት። ኔቪል ከኪሱ ዝርዝሩን አውጥቶ ለብራዮኒ ሰጣት። አየችው። በእስክሪብቶ የተጻፈው ስሟ ላይ ዓይኗ ትንሽ ቆየ፤ ጆሮዋ ቀላ። "እሺ ሚስተር ስክሪቨን" ብላ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ኔቪል እፎይ ብሎ ሻይ ሊቀዳ ወጣ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ የሜዳውን በረራ የሚያዙት ሹም አገኙት። ቁመታም፣ ጺማቸው የተከረከመ ሰው ናቸው፤ ኔቪልን ከዚያ በፊት በስሙ ጠርተውት አያውቁም።

"ስክሪቨን፣ የስካርንቢው አይደለህ? አብሬህ ልምጣ። ልጆችህን ማየት እፈልጋለሁ።" እየሄዱ ጨመሩ፤ "ባለማዕረግ በመጨረሻ ይበራል የምትሉት እናንተ ናችሁ አሉ። ሌላው ቡድን ሲመጣ ትልልቆቹ ናቸው እየተጋፉ የሚገቡት። እኔ እንዲያውም በዓመቱ ሪፖርት ላስገባው ነው፣ በናንተ ስም። ማነው ያስጀመረው?"

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ" አለ ኔቪል። ሻዩ እጁ ላይ ፈሰሰ፤ አላቃጠለውም።

ክፍሉ ሲገቡ ልጆቹ ብድግ አሉ። ኔቪል ሰሌዳውን አየ። አንደኛ ሩቢን። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አዳዲሶቹ። እያለ እያለ ሰባተኛው ላይ አሥር አለቃ ፒክ። ከዚያ በታች አንድ አዲስ ሃምሳ አለቃ፣ ሌላ ሃምሳ አለቃ። አሥረኛው መስመር ላይ በዚያ በሚያምር ጽሑፏ፦ "ሻ/ባ ኮልተር"።

ሹሙ ከላይ እስከ ታች አነበቡና፣ "ይሄዋ!" አሉ። "በዓይኔ አየሁት። ሻምበል ባሻ፣ አንቺ ነሽ መጨረሻ?"

"አዎ ጌታዬ" አለች ብራዮኒ።

"በርቺ። መሪ ማለት ይሄ ነው።"

ብራዮኒ ከሹሙ ላይ ዓይኗን አንሥታ ኔቪልን አየችው። ጠመኔው እጇ ላይ ነበር። ማየት ከሚገባት ትንሽ ረዘም አድርጋ አየችው። ሰሌዳ ማጥፊያው ክንዷ ሥር ነው፤ አንድ ቃል ቢላት አሥር ቁጥርን አጥፍታ አንድ ላይ ለመጻፍ እስትንፋስ አይፈጅባትም ነበር። ኔቪል አፉን ከፈተ። ሹሙ አጠገቡ ቆመዋል፤ ሌሎቹ ዘጠኝ ልጆች ጀርባቸውን አቅንተው ቆመዋል፤ ሩቢን ስሙን ሰሌዳ ላይ አይቶ ከንፈሩን ነክሶ ፈገግታውን ይዋጋል።

ኔቪል ራሱን ነቀነቀላት። ጎሽ እንደሚባለው፣ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ።

ብራዮኒ ጠመኔውን አስቀመጠች።

የቀረው ሰዓት እንደ ሁልጊዜው ሄደ። ሩቢን በረረና ገና ሲወርድ፣ "ቤታችንን አየሁት! የእናቴ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁት!" ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው፤ ቤታቸው ከዚያ ሜዳ አንድ ሰዓት ይርቃላ። ብራዮኒ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደች ማሰሪያ ታጠብቃለች። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ስድስተኛው ወረደ፤ በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። አብራሪዋ አንድ ሰው ብቻ እንደምታደርስ ተናገረች።

ጄትሮ የራስ ቁሩን ይዞ ወደ ብራዮኒ መጣ። ቀልዱን ትቶታል። "አንቺ ሂጂ" አላት። "እኔ በሚቀጥለው ዓመትም አለሁ። አንቺ የለሽም።"

"በማዕረግ ካንተ በታች ሆኖ ዛሬ ያልበረረ አለ እንዴ?"

"የለም።"

"እንግዲያው ተራው ያንተ ነው። አገጭህን ከፍ አድርግ፣ ልሰርልህ።"

ኔቪል አምስት እርምጃ ርቆ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ሹሙ ከሄዱ ሁለት ሰዓት ሆኗቸዋል፤ ያ ሰበብ እንኳ አልነበረውም። የአውሮፕላኗን ጎማ እንደሚያይ ሰው አጎነበሰ። ለምን አጎነበሰ? ኋላ ብዙ ጊዜ ራሱን ጠይቋል። አሁን ቢናገር ጠዋት ዝም ያለበት ይጋለጥበት ነበር፤ ከዚህ ሌላ መልስ አላገኘም።

ጄትሮ በረረ። ሲወርድ የመጀመሪያው ጠብታ መስታወቱ ላይ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው መንገድ ዳር ባለ የዓሣና የድንች ጥብስ ቤት ቆሙ። ልጆቹ ተሰለፉ። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ዝናቡ ውስጥ ደረሰ። ከልጆቹ ሁሉ ኋላ ብራዮኒ፣ ከብራዮኒ ኋላ ኔቪል። ሁለቱ ብቻ ከታዛው ውጪ ነበሩ።

"ስምሽን ለምን አወረድሽው?" አላት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ልጆቹ ሲያዩኝ ነበር። ሩቢን ጠመኔውን ስይዝ ትንፋሹን ነው የያዘው። እጄ አልታዘዝ አለኝ።"

"በእስክሪብቶ ነበር እኮ የጻፍኩት።"

"አይቻለሁ።" ሰልፉ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ እነሱም ተራመዱ። "እርስዎ ያስቆሙኛል ብዬ ነበር። በሩን ከፍተው ሲገቡ፣ አሁን ይጮሁብኛል አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆጡኛል፣ ሁሉም ፊት ያዋርዱኛል፣ ከዚያ እበራለሁ አልኩ።"

ኔቪል አንገቱ ውስጥ የገባውን ዝናብ በእጁ ጠረገ።

"ራስዎን ነቀነቁልኝ" አለች።

"ሰላምታ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ውሸት ለመጨረስም ጉልበት ይጠይቃል። "ሰውየው ሲያመሰግኑኝ ነበር፣ ብራዮኒ።"

"አውቃለሁ። ሲያመሰግኑ ሰማሁ፤ እኔንም አመሰገኑኝ።" ከዚያ ትንሽ ሳቀች። "ሁለታችንንም በአንድ ዋጋ ገዙን።"

"ተቀይመሽኛል?"

አሰበችበት። እንደ ፈተና ጥያቄ አሰበችበት። "አልተቀየምኩም። እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ግን ሚስተር ስክሪቨን፣ ደግ እየሆንኩ እንዳይመስልዎት። ከሁለት ዓመት በፊት ደግነቱ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ መውጫው ነው የጠፋኝ።"

ተራዋ ደርሶ ገባች። ሻጩ ዓሣ አልቋል፣ ያለው ድንች ብቻ ነው አላት። ኔቪል ይህን ሲሰማ ከሰው ቤት መሆኑን ረስቶ ጮክ ብሎ ተሳደበ፤ ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩት። አንድም ቀን እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሰምተው አያውቁም።

ከአሥር ቀን በኋላ ብራዮኒ ደንብ ልብሷን መለሰች። ታጥቦ ተተኩሶ፣ ምልክቶቹ ተፈትተው በፖስታ ውስጥ ነበሩ። ልጆቹ ኬክ አምጥተው ነበር፤ ክሬሙ ላይ የተሳለው አውሮፕላን ዳክዬ ይመስላል። ኔቪል ንግግር አደረገ። ታማኝነትና ትጋት አለ፤ ሌላም ሌላም አለ፤ ሊል የፈለገውን ግን አላለም። በመጨረሻ የደብተሩን የመዝጊያ ገጽ ፈረመላት። ነጩን ገጽ አልፎ ለመፈረም ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጠ፤ እሷም አይታዋለች።

በኅዳር ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የበረራ ክበብ፣ የፈለገ ሰው ከአስተማሪ ጋር አንድ ሰዓት የሚበርበትን ወረቀት ገዛና ወደ አረጋውያኑ መኖሪያ ሄደ። ብራዮኒ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወጣች። ወረቀቱን አነበበችው።

"ስሜ ያለበት ነው" አለች።

"በየትኛውም ቀን ነው። ደመና ከሆነ ሌላ ቀን ይሰጡሻል። ማንም ካንቺ ፊት የለም።"

አሮጊቷ፣ "ማነው ሰውየው? ያገባሽ ነው?" ብለው ጠየቁ።

"አይደለም ሚስስ ቶልሰን። አለቃዬ ነበሩ።"

"ለአንቺ አርጅቷል" አሉ አሮጊቷ፣ ጉዳዩን ዘግተው።

ብራዮኒ ወረቀቱን እንደነበረ አጥፋ መለሰችለት። በጣም በቀስታ ነው የመለሰችለት፤ የታመመ ሰው እጅ ላይ ነገር እንደሚያስቀምጥ። "ለእርስዎ ብዬ ከሆነ እሄዳለሁ፣ ሚስተር ስክሪቨን። ደስ እንዲልዎት ከሆነ፣ በሚመጣው እሑድ እሄዳለሁ። ለኔ ከሆነ ግን ይቅር።"

ኔቪል ወረቀቱን ተቀበለ። ሂጂ ቢላት ትሄድለት ነበር፤ ይህን ያህልማ ያውቃታል። ስለዚህ ሂጂ አላላትም። ምናልባት በሰባት ዓመት ውስጥ ለሷ ያደረገው ብቸኛ ነገር ይኸው ይሆናል፤ እሱም ቢሆን አላስደሰተውም።

ለግሌኒስ ሲነግራት እጇን በፎጣ እየጠረገች ሰማችውና፣ "ሕጉን ሻረዋ ታዲያ" አለችው።

"እሽረዋለሁ።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለች፤ ሆኖም ሻዩን አቀረበችለት።

በሚያዝያ የበረራ ቀን ደረሰ። ኔቪል ዝርዝሩን በጠዋት፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ሁሉም ሳሉ በራሱ እጅ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። አንደኛ፦ ሃምሳ አለቃ ፒክ። ጄትሮ በጥር ተሹሞ ነበር።

ጄትሮ እጁን አወጣ። "ሚስተር ስክሪቨን፣ ስህተት አለ።"

"ስህተት የለም። ከዛሬ ጀምሮ ተራ በዕጣ ወይም በገባችሁበት ቀን ነው። ሕጉ ተሽሯል።"

"የሻምበል ባሻ ብራዮኒ ሕግ?" አለ ሩቢን ከኋላ። ቆቡ አሁን ቅርጽ ይዟል።

"የሷ አይደለም። የኔ ነበር።"

"እሷ ግን ሰባት ዓመት ጠብቃዋለች" አለ ጄትሮ። ፊቱ ቀልቷል። "አንድ ጊዜ እንኳ አልጣሰችውም። እኔ ሃምሳ አለቃ ከሆንኩ ገና ሦስት ወሬ ነው። ምን አጥፍቼ ነው?"

"ምንም አላጠፋህም።"

"ታዲያ ቅጣቱ ለምንድን ነው?"

ኔቪል እዚያው ነገራቸው። እሷ እኮ አንድም ቀን አልበረረችም፣ መብረር ትፈልግ ነበር፣ ላስቆማት እችል ነበር፤ ሰው ሲያመሰግነኝ ጊዜ ዝም አልኩ አላቸው። እንዲህ ሲነገር አጭር ነገር ነው። ሲጨርስ ልጆቹን አየ። ዓይናቸው በርቶ ነበር። አንድም ቀን አልበረረችም! ለኛ ስትል! ይህን አያውቁም ነበርና፣ አሁን ብራዮኒ ኮልተር በፊታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በላይ ከፍ አለች። ስለ ራሱ የተናገረውን አንዱም የሰማው አይመስልም።

"ትእዛዝ ነው" አለ ኔቪል። የቀረው ቃል ይኸው ነበር።

ሜዳው ላይ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ ነበር፤ ሁሉም የሚበሩበት ቀን። የጄትሮን ፓራሹት ኔቪል ራሱ አሰረለት። ልጁ እንደ ተከሳሽ ቀጥ ብሎ ታሰረ፣ ወጣ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ በረረ፣ ወረደ። ሌሎቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ለወትሮው ከላይ የወረደን ሰው ከበው ነው የሚያስለፈልፉት። አሁን ግን ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ ሰው የማይጠይቀው ዓይነት ሰፊ ቦታ። ጄትሮ ከዳር ተቀመጠና የጓንቱን ጣቶች አንድ በአንድ ይስብ ጀመር።

ኔቪል ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። "እንዲህ ያለ ሰማይ በሕይወቴ አላየሁም" አለው። "ከላይ ምን ታየህ?"

"ብዙም አላየሁም፣ ሚስተር ስክሪቨን" አለ ልጁ። "ወደ ታች፣ ሰልፉን ነበር የማየው።"